ጮክ ተብሎ የሚነበብ ጋዜጣ፦ ለዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ የቀረበ የመክፈቻ ንግግር
የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣
የተከበራችሁ የሥራ አመራር ቦርድ አባላት፣ ጥሪያችንን አክብራችሁ የመጣችሁ እንግዶች፣
ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ በመካከላችን የተቀመጣችሁ ሰልጣኝ ዘጋቢዎቻችን፤

እንኳን ደህና መጣችሁ። አንዳንዶቻችሁ መኪና የምታገኙበት ቦታ ለመድረስ ብቻ ሌሊት ተነሥታችሁ በእግር እንደተጓዛችሁ አውቃለሁ። ድካማችሁን አክብሬ ንግግሬን ላሳጥር እሞክራለሁ።

የዓመቱ የሥራ ክንውንና የሒሳብ ሪፖርት በእጃችሁ ገብቷል፤ ጸሐፊያችንና የሒሳብ ሹማችን በየተራቸው ያብራሩታል። እኔ የተሰጠኝን ጊዜ በአንድ ጉዳይ ላይ ላውለው። ባለፈው ጉባኤያችን ለገጠር አንባቢ የሚሆን የማኅበረሰብ ጋዜጣ እንጀምር ብለን እጅ አውጥተን ወስነናል። ከሰዓት በኋላ ድምፅ የምትሰጡበት የውሳኔ ሐሳብ ደግሞ ያለችን ገንዘብ በቅድሚያ በምን ላይ ትዋል የሚል ነው። አቋሜን ሳልደብቅ ከመነሻው ልንገራችሁ፤ በቅድሚያ በሰው ላይ ትዋል። ካሜራው፣ አዲሱ ኮምፒውተር፣ ባለቀለም ሕትመቱ ይቆየን። ዘጋቢዎቻችንን እናሠልጥን።

«ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው» ይባላል። የገጠሩም ሰው ነገር እንዲሁ ነው። ስለ መሬቱ ጥናት ይጻፋል፣ ስለ ውኃው ስብሰባ ይደረጋል፣ ስለ ልጆቹ ትምህርት ዜና ይነበባል፤ ጉዳዩ የሚነካው እሱ ግን የሚሰማው ከሁሉም በኋላ ነው፣ ያውም ከሰማ። ጋዜጣ እጁ ቢገባ እንኳ ዕቃ ተጠቅልሎበት፣ ወሩ ካለፈ በኋላ ነው። በዚያ ወረቀት ላይ የራሱን መንደር ስም አንብቦ የሚያውቅ ስንቱ ነው? እኛ ልንለውጠው የተነሣነው ይህንን ነው።

የምንጀምረው ነገር ያልተሞከረ አይደለም። ማሊ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1972 «ኪባሩ» የተባለ ወርኃዊ የገጠር ጋዜጣ በባምባራ ቋንቋ መታተም ጀመረ። ስሙ «ዜና» ማለት ነው። በጎልማሶች ትምህርት በቋንቋቸው ፊደል ለቆጠሩ ገበሬዎች የሚነበብ ነገር እንዲሆን ታስቦ ነው የተነሣው። ይህን ሐሳብ ልብ እንድትሉልኝ እፈልጋለሁ። ሰው በብዙ ድካም ማንበብ ተምሮ የሚያነበው ካጣ ፊደሉን መልሶ ይረሳዋል። ዩኔስኮ እንደሚለው ዛሬም በዓለም ላይ ማንበብና መጻፍ የማይችሉ አዋቂዎች ከ700 ሚሊዮን በላይ ናቸው፤ አብዛኞቹም ሴቶች ናቸው። በዚህ ቁጥር ውስጥ አንድ ጊዜ ተምረው የረሱም እንዳሉበት አልጠራጠርም።

ሕንድ ውስጥ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2002 በኡታር ፕራዴሽ ግዛት፣ በቺትራኩት፣ «ካባር ላሃሪያ» የተባለ ጋዜጣ በቡንዴሊ ቋንቋ ተጀመረ። ዜናውን የሚያመጡት፣ የሚያርሙት፣ ታትሞ ሲወጣም ከመንደር መንደር ይዘው የሚዞሩት የገጠር ሴቶች ነበሩ። ብዙዎቹ ዳሊት ከሚባለውና ለዘመናት ተገፍቶ ከኖረው ወገን የተወለዱ ናቸው። የትምህርት ደረጃቸው ዝቅተኛ የነበረ ሴቶችም ከመካከላቸው ነበሩ። ማንም ጋዜጠኛ ይሆናሉ ብሎ ያልጠበቃቸው እነዚህ ሴቶች ስለ መንገድ፣ ስለ ውኃ፣ በሴቶች ላይ ስለሚፈጸም ግፍ ጠይቀው ጻፉ። ሥራቸው እ.ኤ.አ. በ2009 የዩኔስኮን የንጉሥ ሴጆንግ የመሠረተ ትምህርት ሽልማት አስገኝቷል። ከዓመታት በኋላ ወደ ቪዲዮና ወደ ኢንተርኔት ተሸጋግረዋል። መሣሪያው ተለወጠ፤ መጀመሪያ የተማሩት መጠየቅና ማጣራት ግን አብሯቸው ተሻገረ።

በአማርኛም ቢሆን ጋዜጣ የተጀመረው ማተሚያ መኪና ተጠብቆ አይደለም። ዳግማዊ ምኒልክ «አእምሮ» ብለው ስም ያወጡለት፣ አንድሬያስ ካቫዲያስ የተባለው ግሪካዊ ያዘጋጀው የነበረው ጋዜጣ በመጀመሪያ በእጅ እየተጻፈ በ24 ቅጂ ነበር የሚሠራጨው። እኛ የወረቀትና የቀለም ችግር አለብን ስንል ይህን ማስታወስ ይገባናል።

አሁን ወደ ራሳችን ቤት ልመለስና በሥልጠናው ጊዜ የሆነውን ልንገራችሁ።

አንዲት ሰልጣኛችን ስለ ተባይ መድኃኒት አጠቃቀም ለሙከራው ዕትም አጭር ጽሑፍ አዘጋጀች። በጀርባ በሚታዘል 20 ሊትር መርጫ ውስጥ ምን ያህል መድኃኒት እንደሚበጠበጥ ከባለሙያ ጠይቃ ነው የጻፈችው። አዘጋጁ አነበበው። እኔም አነበብኩት። ሁለታችንም አሳለፍነው። ሆኖም በሥልጠናው ላይ ያወጣነው አንድ ደንብ አለ፤ ማንኛውም ጽሑፍ ወደ ማተሚያ ቤት ከመሄዱ በፊት ጉዳዩ ለሚመለከተው ሰው ጮክ ተብሎ ይነበብ ይላል። እሷም ደንቡን አክብራ ማሳቸው ዳር ተቀምጠው ወደነበሩ አንድ አባት ሄዳ አነበበችላቸው። እሳቸው መሬት መሬቱን እያዩ በጸጥታ ሲሰሙ ቆይተው ልክ ቁጥሩ ጋ ስትደርስ እጃቸውን አነሡ።

«ልጄ፣ እስቲ እሱን መልሺልኝ።»

መለሰችላቸው።

«ሁለት መቶ ነው ያልሽው? እንዲያማ ከሆነ ተባዩም ሰብሉም አብሮ ነው የሚሄደው።»

ማስታወሻ ደብተሯን ስትገልጥ ባለሙያው የነገሯት 20 ሚሊ ሊትር ነበር። ስትገለብጥ አንዲት ዜሮ ጨምራለች። ልጅቷ ማታ ደውላ ስትነግረኝ ድምፅዋ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ የእኔም ከእሷ የተሻለ አልነበረም። ያቺን ዜሮ እኔም አላየኋትማ። ያ ጽሑፍ ታትሞ ቢሆን ኖሮ የምናጠፋው የአንድን ሰው የዓመት ልፋት ነበር፤ መድኃኒቱን የሚረጨውን ሰው ጤና ሳልጨምር። የገጠር አንባቢ የታተመ ነገር ያምናል፤ ይህ እምነት ከማንኛውም ሀብታችን በላይ የሚያስፈራኝ ነው።

ከዚያ ቀን ወዲህ ጮክ ብሎ ማንበብ በሥልጠናችን ውስጥ ዋናው ትምህርት ሆኗል። አንድ ቅጂ ጋዜጣ በገጠር የሚነበበው በአንድ ሰው ዓይን ብቻ አይደለም። ከትምህርት ቤት የመጣች ልጅ ለእናቷ ታነባለች፤ ጥላ ሥር የተቀመጠ አንዱ ለስድስት ሰባት ሰው ያነባል። ስለዚህ ለጆሮ ነው የምንጽፈው። የሚያነበው ሰው መሐል ላይ ትንፋሽ ካጠረው ዓረፍተ ነገሩ ረዝሟል ማለት ነው፤ ይቆረጥ። የሚሰማው ሰው «ማን ነው ያልከው?» ብሎ ከጠየቀ ባለቤቱ ጠፍቷል ማለት ነው፤ ይታረም።

ስለ ቋንቋ ካነሣሁ ዘንድ አንድ ነገር አጥብቄ ልናገር። ሰልጣኞቻችን በመጀመሪያው ሳምንት ዜና ጻፉ ሲባሉ ከሬዲዮና ከስብሰባ የለመዱትን ይዘው መጡ። ከመካከላቸው አንዱ እንዲህ ይላል፦ «በግብዓት አቅርቦት ላይ የታየውን ክፍተት ለመሙላት ከባለድርሻ አካላት ጋር በመቀናጀት ርብርብ እየተደረገ መሆኑ ተገለጸ።» አሠልጣኙ ጥፋት ነው አላለም። ሦስት ጥያቄ ብቻ ጠየቀ። ምኑ ነው የጎደለው? ማን ነው የገለጸው? መቼ ነው የሚመጣው? ልጁ ሊመልስ አልቻለም፤ ተመልሶ ሄደ። በሁለተኛው ቀን ይዞት የመጣው ይህ ነው፦ «ዘር አልመጣም። የመጋዘኑ ኃላፊ ከሁለት ሳምንት በኋላ ይመጣል ብለዋል። የመዝሪያው ጊዜ ሊያልፍ የቀረው ግን አሥር ቀን ነው።»

ይኼ ነው ዜና። ለመስማት መዝገበ ቃላት አያሻም፤ ገበሬው እንደሰማው ከጎረቤት ይበደር ወይስ ይጠብቅ የሚለውን መወሰን ይችላል። በእኔ እምነት «ተገለጸ» የሚለው ቃል ያለ ገላጩ ስም በጋዜጣችን ላይ መውጣት የለበትም። ቦርዱ ይህን በአዘጋገብ መመሪያው ውስጥ እንዲያሰፍረው እጠይቃለሁ።

ሌላው ብዙ ያሳሰበኝ የዘጋቢዎቻችን ኑሮ ነው። ከከተማ መጥቶ የሚዘግብ ሰው ሥራውን ጨርሶ መኪናው ላይ ይሳፈራል። የእኛ ዘጋቢ ግን ማታም እዚያው ነው የሚያድረው። ስለ ውኃ ጉድጓዱ ገንዘብ ከጻፈ ማግስት ገንዘብ ያዡን ያገኘዋል፤ በአንድ መንገድ ይሄዳሉ፣ በአንድ ለቅሶ ይቀመጣሉ። ጥንካሬያችን ይኸው ነው፤ ሰውን ስለሚያውቅ ሌላው የማይሰማውን ይሰማል፤ ስለሚኖርበትም ዋሽቶ ሊሸሽ አይችልም። አደጋችንም ይኸው ነው። በሥልጠናው ጊዜ አንድ ወጣት የተመደበበት ጉዳይ አጎቱን የሚነካ መሆኑን በራሱ ፈቃድ መጥቶ ተናገረ። ሥራው ለሌላ ተሰጠ፤ እሱ ግን በአባላቱ ፊት ተመሰገነ። ሥልጠና ስል እንዲህ ያለውንም ማለቴ ነው። የዜና አጻጻፍ በሁለት ሳምንት ይለመዳል። «ይህን እኔ ልጽፈው አይገባም» ማለት ግን ረጅም ጊዜና ከኋላ የሚቆም ሰው ይፈልጋል።

ከኋላ የሚቆመው እኛ ነን። ኃላፊነት ያለው ሰው በጽሑፍ ምክንያት ዘጋቢያችንን ቢያስፈራራ የሚመልሰው ማኅበሩ በስሙ ይሁን፤ ልጁ ብቻውን አይጋፈጥ። ከባድ ጉዳይ ሲሆን ሁለት ሆነው ይሂዱ። በዚህ አዳራሽ ያለነው የቦርድ አባላትም፣ እኔን ጨምሮ፣ አልወደድነውም ብለን አንድ ዜና የማስቀረት ሥልጣን እንዳይኖረን በመተዳደሪያ ደንባችን ላይ በግልጽ ይጻፍ። ገንዘብ የሚረዳን ድርጅት ስለ ራሱ ሥራ እንዲወጣለት ከፈለገ ይከፍላል፤ ከላዩም «ማስታወቂያ» የሚል ቃል ይታተምበታል።

ሴቶችን በተመለከተ የሙከራው ዕትም ያስተማረን አለ። የመጀመሪያው ረቂቅ ሲሰበሰብ ቃላቸው የተጠቀሰው ሰዎች በሙሉ ወንዶች ነበሩ። ዘጋቢዎቹ ሴቶችን አንጠይቅም ብለው አልነበረም፤ የሄዱት ወደ ስብሰባ ስለሆነ ነው። በስብሰባ ላይ ተነሥቶ የሚናገረው ወንዱ ነው። ከዚያ ወዲህ ሰልጣኞቹ ወደ ውኃ መቅጃውና ወደ ወፍጮ ቤቱ ይሄዳሉ፤ ተራ እስኪደርስ የሚወራውን ቁጭ ብለው ይሰማሉ። ሲጽፉ ግን ከተናጋሪዋ ፈቃድ ይጠይቃሉ። ስሟ እንዲወጣ ያልፈለገች ሴት ስሟ አይወጣም፤ ፎቶግራፏም እንዲሁ።

ስለ ቀረው ባጭሩ ልናገር። ጋዜጣው በወር አንድ ጊዜ ይውጣ እላለሁ። በየሳምንቱ ይሁን የምትሉ አባላት አላችሁ፤ ፍላጎታችሁን እጋራለሁ፤ ነገር ግን ለማጣራት ጊዜ የሌለው ጋዜጣ ያቺን ዜሮ ያሳልፋታል። አንድ የኤ3 ወረቀት ሲታጠፍ አራት ገጽ ይሆናል፤ ለጊዜው አራት ገጽ ይበቃናል። ፊደሉ ተለቅ ይበል፣ በማታ ብርሃን የሚያነብ ዓይን አለና። ከገበያ ቀን በፊት ይድረስ። ዋጋው ትንሽም ቢሆን ይኑረው፤ ሳይሸጥ የሚመለሰው ቅጂ የትኛው ገጽ እንደደከመ ይነግረናል። ስንሳሳት ደግሞ እርማቱ ስሕተቱ በወጣበት ገጽ ላይ ይውጣ፤ ከኋላ ጥግ አይወሸቅ።

የሥልጠናው ዕቅድ ከሁለት ሳምንት ጅምር በኋላ በየወሩ አንድ ቀን እንዲቀጥል ነው። በዚያ ቀን የታተመው ዕትም ጠረጴዛ ላይ ይዘረጋል፤ እያንዳንዱ ዘጋቢ እያንዳንዱን ነገር እንዴት እንዳወቀ ከደብተሩ ያሳያል። ከበጀቱ ውስጥ አንዳንዶቻችሁን ያስገረማችሁ ትልቁ ቁጥር ደግሞ የመጓጓዣ ነው። እንዳትቀንሱት እለምናችኋለሁ። የመንገዱን ከኪሱ የሚከፍል ዘጋቢ የሚዘግበው የቅርቡን ብቻ ነው፤ ወይም መኪና የሰጠውን ሰው ዜና ይዞ ይመለሳል። የሩቁ መንደር፣ መንገድ ያልደረሰለት፣ ዳግመኛ ከጋዜጣ ይቀራል።

የተከበራችሁ አባላት፤ ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤያችን በይፋ መከፈቱን በአክብሮት እገልጻለሁ።

ወደ ሪፖርቱ ከመግባታችን በፊት ሰልጣኞቻችን የሙከራውን ዕትም የመጀመሪያ ገጽ ተራ በተራ ያነቡልናል። ድምፅ ማጉያው ይጥፋ ብያለሁ። ቅጂው ለማናችሁም አልታደለም፤ አውቀን ነው። ከኋላ የተቀመጣችሁ ያልገባችሁ ዓረፍተ ነገር ሲኖር እጃችሁን አንሡ፤ አንባቢው ያቆማል፤ አዘጋጁም እዚሁ እርሳስ ይዞ ተቀምጧል። እንግዲህ የመጀመሪያዋ አንባቢ ወደ ፊት ትምጣልን።