ያገለገለ ጌም ሲሸጥ ሠሪው ምን ያጣል?

ሰላም ለእናንተ ይሁን፣ ውድ ተመልካቾቻችን። አንድ ሰው ተጫውቶ የጨረሰውን የጌም ዲስክ ለሱቅ ሲሸጥ፣ ሱቁም ለሌላ ደንበኛ መልሶ ሲሸጠው፣ ጌሙን የሠራው ስቱዲዮ ከሁለተኛው ሽያጭ አንድም ሳንቲም አያገኝም። ጌምስቶፕ የተባለው የአሜሪካ ሱቅ እ.ኤ.አ. በ2010ዎቹ መጀመሪያ ከጥቅል ትርፉ ግማሽ የሚጠጋውን ያገኘው ካገለገሉ ዕቃዎች ነበር።

ታዲያ ይህ ሠሪውን መበደል ነው? እስቲ አዲስ አበባ ውስጥ አሮጌ መጻሕፍት የሚሸጡትን ነጋዴዎች አስቡ። አንድ ልቦለድ ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወር ለደራሲው የሚደርሰው ነገር የለም፤ ሆኖም ደራሲው ተዘረፈ የሚል የለም። እንዲያውም ብዙዎቻችን የምንወዳቸውን ደራሲዎች የተዋወቅነው ሽፋኑ በተገነጠለ፣ የማናውቀው ሰው ስሙን በጻፈበት ቅጂ ነው፤ ቀጣዩ ሥራቸው ሲወጣ ግን ተሽቀዳድመን አዲሱን የምንገዛው እኛው ነን። አዲስ መጽሐፍ የሚገዛውም ሰው ቢቸግረኝ እሸጠዋለሁ ብሎ ስለሚተማመን በዋጋው ብዙም አይከራከርም። ልዩነቱ መጽሐፍ ማርጀቱ ነው። ዲስክ ካልተጫረ አያረጅም፤ አሥረኛው ተጫዋች የሚያገኘው ጌም የመጀመሪያው ካገኘው ጋር አንድ ነው፤ አዲሱ በወጣ በሳምንታት ውስጥም ከአዲሱ ጋር መፎካከር ይጀምራል።

ስቱዲዮው ብዙውን ጊዜ ድርሻ የሚያገኘው አሳታሚው፣ ማለትም ለሥራው ገንዘብ ሰጥቶ ጌሙን ለገበያ የሚያቀርበው ድርጅት፣ የሰጠውን ቅድመ ክፍያ ከሽያጭ ካስመለሰ በኋላ ነው፤ ስለዚህ አዲስ ቅጂ ባልተሸጠ ቁጥር ድርሻው ይዘገያል፤ ጉዳቱ የሚጠናውም ታሪካቸውን በጥቂት ቀናት ተጫውተው ጨርሰው ቶሎ ለሱቅ በሚሸጧቸው ጌሞች ሠሪዎች ላይ ነው።

እዚህ ላይ ብዙዎቻችሁ ደጋግማችሁ ያነሣችሁትን ሐሳብ ማረም ያስፈልጋል፤ ያገለገለ ጌም መሸጥ ከሕገ ወጥ ቅጂ ጋር አንድ ነው የሚለውን። አንድ አይደለም፣ ፈጽሞ አንድ አይደለም። ሕገ ወጥ ቅጂ ያልተከፈለበት አዲስ ቅጂ ይፈጥራል፤ ያገለገለ ዲስክ ግን አንድ ጊዜ ተከፍሎበታል፣ የሸጠውም ሰው ከእንግዲህ አይጫወትበትም። አንድ የአሜሪካ አሳታሚ ከ1 ዶላር በታች እንዳይሸጥ ብሎ ያሳተመበትን መጽሐፍ አንድ ሱቅ በ89 ሳንቲም በመሸጡ ተከሰሰ፤ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም እ.ኤ.አ. በ1908 ለሱቁ ፈረደ። የጃፓን ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደግሞ በ2002 ያገለገሉ ጌሞች ሽያጭን ለማስቆም የተከራከሩትን አሳታሚዎች ክስ አልተቀበለም። እንዲህ ያሉ የፍርድ ቤት ታሪኮችን የምትወዱ ከሆነ ቻናላችንን ሰብስክራይብ አድርጉ።

አሳታሚዎቹ በፍርድ ቤት ያጡትን በቴክኖሎጂ ፈለጉት። ኢኤ የተባለው የጌም አሳታሚ በ2010 ያገለገለ ጌም የገዛ ሰው በኢንተርኔት ለመጫወት 10 ዶላር እንዲከፍል አደረገ፤ በ2013 ግን አሠራሩን ተወው። ማይክሮሶፍት በዚያው ዓመት ግንቦት ያስተዋወቀው ኤክስቦክስ ዋን የተባለ የጌም ማጫወቻ፣ ዲስክን መልሶ መሸጥን የሚገድብ ነበር፤ የተጫዋቾች ቁጣ ስለበረታ ወር ሳይሞላው ሐሳቡን ቀየረ። ያገለገሉ ጌሞችን ገበያ በእርግጥ ያጠበበው ግን መልሶ የሚሸጥ ዲስክ የሌለው፣ ከኢንተርኔት የሚወርድ ጌም ነው። የፓሪስ ፍርድ ቤት በ2019 ስቲም የተባለው የኢንተርኔት ጌም መሸጫ ደንበኞች ጌማቸውን መልሰው መሸጥ ይችላሉ ቢልም፣ ውሳኔው በ2022 በይግባኝ ተሽሯል።

እኔ ሠሪዎች የድካማቸውን ዋጋ ማግኘት አለባቸው ብዬ ከልቤ አምናለሁ። ነገር ግን ገዢው የመሸጥ መብቱን ካጣ ዋጋው በዚያው ልክ መቀነስ ነበረበት፤ የሚወርደው ጌም ሲወጣ የሚጠየቅበት ዋጋ ግን ብዙ ጊዜ ከዲስኩ ጋር እኩል ነው።