የአላታ ድልድይ በምን ቆመ?

(ምስል፦ ጠባብ የአለት ገደል፣ ከታች ድፍርስ ዓባይ፣ ከላይ ጭነት የያዙ አህዮች ሲሻገሩ)

ከባሕር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ ከጢስ ዓባይ ፏፏቴ ዝቅ ብሎ የሚገኘው ይህ ድልድይ የተሠራው በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1626 አካባቢ ነው። ድንጋይና ኖራ ነው፤ ብረት የለበትም።

ቦታውን የመረጠው ሰው ወንዝ ያውቃል። ዓባይ እዚህ ጥቁሩን አለት ሰንጥቆ በጠባቡ ስለሚያልፍ ትልቁ ቅስት ዋናውን ውሃ ያለ መሐል ምሰሶ ይሻገራል። በጎን ያሉት ትናንሽ ቅስቶች በበጋ ሥራ የሌላቸው ይመስላሉ። ነሐሴ ላይ ወንዙ ሲሞላ ግን ትርፉ ውሃ በእነሱ ያልፋል፤ ባይኖሩ ግንቡ ራሱ ግድብ ይሆንና ጎርፉ ይገፋው ነበር።

(ምስል፦ የቅስቱ ሆድ በቅርበት)

የቅስት ድንጋይ ከላይ ሰፋ፣ ከታች ጠበብ ብሎ እንደ ሽብልቅ ይደረደራል። ጭነት ሲያርፍበት መውደቂያ ስለሌለው ጎረቤቱን ይጫናል፤ ጭነቱም እንዲህ እየተቀባበለ አለቱ ላይ ያርፋል። ሲገነባ በእንጨት ይደገፋል፤ ከሁለቱም ወገን እኩል ካልተኬደ ግን እንጨቱ ይዘማል።

መሐሉ ከሄደ ሁሉም ይሄዳል። ዓባይ ላይ ያለው ሌላው አሮጌ ድልድይ፣ በፋሲል ዘመን፣ በ1660 አካባቢ የተሠራው ሰባራ ድልድይ፣ በጣሊያን ወረራ ጊዜ ጠላት እንዳይሻገርበት ዋናው ቅስቱ ተሰበረ፤ ከዚያ ወዲያ ሰዉ ለአሥርት ዓመታት በገመድ እየተጎተተ ተሻገረ። ሁለቱንም «የፖርቱጋል ድልድይ» ማለት ተለምዷል። ሰባራው ግን ፋሲል ኢየሱሳውያንን (ከፖርቱጋሎች ጋር የሚያያዙትን የካቶሊክ ሚሲዮናውያን) ካባረረ ከ20 ዓመት በላይ ቆይቶ የተሠራ ነው፤ ስሙ የአገሬውን እጅ እንዳይሸፍንብን።

(ምስል፦ በሲሚንቶ የተደፈነ መጋጠሚያ)

እንዲህ ያለ ድልድይ በጥገናም ይፈርሳል። ዝናብ ከመሄጃው ወለል ወደ ውስጥ ሙሌቱ ይሰርጋል፤ ኖራ እርጥበቱን በመጋጠሚያው ያስወጣዋል። ሲሚንቶ አፉን ሲደፍነው ውሃው በድንጋዩ በኩል መውጫ እየፈለገ ገጹን ያራግፈዋል፤ የራሰው ሙሌት ደግሞ የጎን ግንቡን ወደ ውጭ ይገፋል።

ለጥገናው 1 እጅ ኖራ ለ3 እጅ ንጹሕ፣ ሸካራ አሸዋ ይበቃል። የላላውን በእጅ መሮ፣ የመጋጠሚያውን ስፋት ሁለት እጥፍ ያህል ገብታችሁ አውጡ። አጥባችሁ፣ ድንጋዩን አርሳችሁ ቅልቅሉን በስሱ እየጠቀጠቃችሁ ሙሉ። ከዚያ ሳምንት ያህል በእርጥብ ጆንያ ይሸፈን። ኖራ አየር እየሳበ ቀስ ብሎ ነው የሚጠነክረው፤ ፀሐይ ከቀደመው ዱቄት ሆኖ ይረግፋል።

ግንቡ ላይ የበቀለ ሾላ ካለ አትንቀሉት፤ ድንጋይ ይዞ ይመጣል። ከግንቡ እኩል ቁረጡት፣ ባቆጠቆጠ ቁጥርም መልሳችሁ ቁረጡት። ሥሩ ደርቆ ሲሟሽሽ የተወውን ክፍተት በዚያው የኖራ ቅልቅል ሙሉ።