ተመልሶ የመጣ ሳህን

ጤና ይስጥልኝ፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ ብቻዬን ነኝ፣ እንግዳ የለም። ቡናዬን ይዤ ቁጭ ብያለሁ። የማወራው ስለ ዓሣ ነው። ግን ነገሩ የሚጀምረው ከክትፎ ስለሆነ ታገሱኝ።

ከዓመታት በፊት ቨርጂኒያ ውስጥ አንድ የሐበሻ ምግብ ቤት ጓዳ እሠራ ነበር። አንድ ቅዳሜ ማታ ክትፎ ታዘዘ፣ ጥሬ። ስጋውን በቢላ ራሴ ነኝ የከተፍኩት፤ በማሽን የተፈጨ አልወድም። ቅቤውን በኮሰረትና በኮረሪማ ያነጠርኩትም እኔው ነኝ። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ሳህኑ ተመልሶ መጣ። «አልበሰለም ብላለች» አለኝ አስተናጋጁ። አንዲት ፈረንጅ ናት። ደሜ ፈላ። መጥበሻ ላይ ገለበጥኩትና ጠጠር እስኪሆን አበሰልኩት። ሆን ብዬ ነው፣ ምን እዋሻለሁ። ሁለቴ ቀምሳ ትታው ሄደች። እኔም ያሸነፍኩ መስሎኝ ነበር።

ያን ማታ ያስታወሰኝ ኖቡ ማትሱሂሳ የሚባል ጃፓናዊ ምግብ አብሳይ ነው። ዱባይ ያላችሁ ፓልም ላይ ባለው ምግብ ቤቱ ስሙን ታውቁታላችሁ። እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1949 ሳይታማ ተወለደ። ቶኪዮ ሱሺ ቤት ተቀጥሮ የመጀመሪያዎቹን ዓመታት ዕቃ ሲያጥብ አሳለፈ። እዚያ ቢላ ቶሎ አይሰጥም። በ1973 አንድ ደንበኛው፣ ትውልደ ጃፓን የሆነ የፔሩ ሰው፣ ሊማ ወስዶ ምግብ ቤት እንዲከፍት አደረገው። የለመደው ቅመም እዚያ እንደ ልብ አይገኝም። የሊማ ሰው ደግሞ ጥሬ ዓሣውን በሎሚ፣ በቃሪያና በድንብላል ቅጠል ነው የሚበላው፤ ሴቪቼ ይሉታል። እሱንም ተማረ። በኋላ ሸሪኮቹ የዕቃ ወጪ ይቀነስ አሉ። ዓሣው ርካሽ ይሁን ማለት ነው። ጥሎላቸው ወጣ።

አርጀንቲና ሞከረ፣ አልሆነም። አላስካ ሄዶ አንኮሬጅ ላይ በብድር የከፈተው ቤት ሁለት ወር እንኳ ሳይሞላው በእሳት ጋየ። ኢንሹራንስ የለውም። ራሱን ሊያጠፋ አስቦ እንደነበር ራሱ ተናግሯል። ከዚያ ሎስ አንጀለስ የሰው ቤት ተቀጥሮ ዓመታት ከሠራ በኋላ፣ በ1987 ቤቨርሊ ሂልስ ላይ «ማትሱሂሳ»ን ከፈተ። የፊልም ተዋናዩ ሮበርት ዴኒሮ ደንበኛው ሆነ፣ በ1994 ኒውዮርክ ላይ «ኖቡ»ን አብረው ከፈቱ፣ ምናምን። ይሄን ሁሉም ሰው ስለሚያወራው ልለፈው።

እኔን የያዘኝ ሌላ ነው። ቤቨርሊ ሂልስ ላይ ለአንዲት ደንበኛ ሳሺሚ ይቀርብላታል። ጥሬ ዓሣ አልበላም ብላ ትመልሰዋለች። ዓሣው በስሱ ተቆርጦ ሳህኑ ላይ ተዘርግቷል። መጣል አልሆነለትም። ዞር ሲል መጥበሻ ላይ የጋለ የወይራ ዘይት አየ። አንስቶ አፈሰሰበት። ቸስ! ላዩ ነጣ፣ ውስጡ እንደነበረ ቀረ። ሴትየዋ አንድም ሳታስተርፍ በላችው። ያ ምግብ ዛሬ ከዝነኞቹ አንዱ ነው። ትንሽ ነጭ ሽንኩርት፣ እንደ ክር የቀጠነ ዝንጅብል፣ ሰሊጥ፣ ሶይ ሶስ፣ ዩዙ የሚባል የእነሱ ሎሚ። መጨረሻ ላይ የወይራና የሰሊጥ ዘይት አግሎ ማፍሰስ።

ቆይ፣ ይሄ እኮ ለብለብ ነው! መጀመሪያ ስሰማው ብቻዬን ሳቅሁ። «ጥሬ፣ ለብለብ ወይስ የበሰለ?» ብለን ስንጠይቅ የኖርነው እኛ። ያን ማታ ግን ለብለብ የሚባል ነገር መኖሩን ረሳሁት።

ሰውየው ኩራት የለውም እንዴ? ብዬ አስቤ ነበር። አለው እንጂ። ዓሣው ይርከስ ሲሉት እንጀራውን ጥሎ ወጥቷል። ለሴትየዋ ግን አልተኮፈሰም። የእኔስ ኩራት የት ነበር? ስጋው ላይ ቢሆን ኖሮ ያን የመሰለ ስጋ አላቃጥልም ነበር።

ባለፈው ሳምንት ቤት ሞከርኩት። ሳልሞን ገዛሁ፣ በጥሬው እንዲበላ ተብሎ የሚሸጠውን። ተራውን እንዳትሞክሩ አደራ። በስሱ ቆረጥኩ፣ ሚጥሚጣ ነሰነስኩ፣ ንጥር ቅቤ አግዬ አፈሰስኩበት። (ፍስክ ነበር፣ አትጨነቁ።) እማዬ ፊት አቀረብኩት። ጥሬ ክትፎ በቃኝ የማትል ሴት ሳህኑን በአንድ ጣቷ ገፋ አደረገችው።

«ይሄ ዓሣ አልበሰለም።»

«እማዬ፣ ክትፎውስ?»

«ስጋ ሌላ፣ ዓሣ ሌላ።»

አፌ ላይ የመጣውን ዋጥ አድርጌ ሳህኑን አነሳሁ። ቅቤውን እንደገና አጋልኩት፣ አሁን በደንብ። ሲፈስ ጓዳው ሁሉ ኮረሪማ ኮረሪማ ሸተተ። መልሼ አቀረብኩላት። አንድ ቀመሰች። ዝም። ሌላ አነሳች።

«ሎሚ የለም እንዴ እዚህ ቤት?» አለችኝ።