«ታዲያ እኔ ምን ላድርግ?»፦ ለወረዳ የጤና ኮሙኒኬሽን ባለሙያዎች የተደረገ ንግግር

የተከበራችሁ የክፍለ ከተማና የወረዳ የጤና ኮሙኒኬሽን ባለሙያዎች፣ ውድ የሙያ አጋሮቼ፣ እንደምን አረፈዳችሁ!

እንድናገር የተጠየቅሁት በወረርሽኝ ጊዜ ለሕዝብ መረጃ ስለ መስጠት ነው። የሥልጠናውን ሰነድ ሁላችሁም አንብባችኋል። እኔ ዕድሜዬን በጤና ጣቢያ ያሳለፍኩ ነርስ ስለሆንኩ፣ በዓይኔ ስላየሁት አንድ ወር ብቻ ልናገር፤ ስለ 2012 ዓ.ም. መጋቢት።

መጋቢት 4 ቀን፣ ዓርብ ዕለት፣ ኮሮና ኢትዮጵያ መግባቱ ተነገረ። ታማሚው ከቡርኪና ፋሶ የመጡ የ48 ዓመት ጃፓናዊ ነበሩ። ዶክተር ሊያ ታደሰ በጤና ሚኒስትርነት በተሾሙ ማግስት መሆኑ ነው። መንግሥት እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። መጋቢት 7 ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፣ ትልልቅ ስብሰባዎችና የስፖርት ውድድሮች ታገዱ። ከመጋቢት 14 ጀምሮ ከውጭ የሚመጣ መንገደኛ ሁሉ ለ14 ቀን ለይቶ ማቆያ እንዲገባ ተደረገ፤ የየብስ ድንበርም ተዘጋ። 8335 እና 952 ነጻ የስልክ መስመሮች ሥራ ላይ ነበሩ። ጥቂት ሳምንታት ቀደም ብሎ ናሙና ለምርመራ ወደ ደቡብ አፍሪካ ይልክ ለነበረ አገር ይህ ትንሽ ሥራ አይደለም።

ሕዝቡ ግን ተጨንቆ ነበር። የነጭ ሽንኩርትና የሎሚ ዋጋ ናረ። ማስክና አልኮል ከፋርማሲ ጠፋ። እኛ ዘንድ የሚመጣው ሰው ከበሽታው ይልቅ ጥያቄው በዝቶበት ነበር። «ሲስተር፣ ፌጦ ያድናል ይላሉ፣ እውነት ነው?» «ልጄ ከቤሩት ገብታለች፤ አቅፌ ስሜያታለሁ፤ ምን ይሻለኛል?» «ጎረቤቴ አርፏል፤ ለቅሶ ልቅር? ብቀር በምን ዓይኔ አያቸዋለሁ?»

አንዳንድ ባልደረቦቻችን ይህን የግንዛቤ እጥረት ይሉት ነበር። በፍጹም አልስማማም። ይህ ሕዝብ ወረርሽኝ ምን እንደሆነ ያውቃል። በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ አዲስ አበባን ሲመታ በሺዎች አልቀዋል፤ ሐኪም በጣት የሚቆጠር ነበር፤ አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪ እንኳ ታመው ለጥቂት ነው የተረፉት። እስከ ዛሬ ኅዳር 12 ሲደርስ በየሰፈሩ ቆሻሻ ተጠርጎ ይቃጠላል፤ ኅዳር ሲታጠን እንላለን። መቶ ዓመት ሙሉ ያንን መከራ በጭስ ሲያስታውስ የኖረ ሰው «ወረርሽኝ መጣ» ሲባል ቢደነግጥ ምን ያስገርማል? ድንጋጤው ልክ ነበር። ያጣው መልስ ነው።

በዚህ ላይ ጥቂት ልቆይ፤ ሥራችሁ እዚህ ላይ ነውና። የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ዕለታዊ መግለጫ አስታውሱ። የታማሚው ዕድሜ፣ ዜግነት፣ የጉዞ ታሪክ ይነገራል። በየቀኑ መነገሩ፣ ቁጥሩም አለመደበቁ መልካም ነበር፤ ለዚህ የደከሙትን ሁሉ አከብራለሁ። ነገር ግን «የውጭ ዜጋ»፣ «ከውጭ የተመለሰ» የሚለው በየዕለቱ ሲደጋገም፣ ሰሚው የራሱን ትርጉም ሰጠው፦ በሽታው በአውሮፕላን የሚመጣ ሰው በሽታ ነው። ይህን የሚያቃና አንድ ዓረፍተ ነገር አልተከተለውም። በመንገድ ላይ ፈረንጅና እስያዊ ባየ ቁጥር «ኮሮና! ኮሮና!» የሚል በዛ። የመጀመሪያው መግለጫ ከወጣ ሳምንት ሳይሞላ የአሜሪካ ኤምባሲ ስለ ጥላቻው ለዜጎቹ ማስጠንቀቂያ አወጣ። ለእንግዳ አልጋውን ለቆ መሬት የሚተኛ ሕዝብ እንዲህ ሲያደርግ ማየት እጅግ ያማል። ቀጥሎም ጣቱ ወደ ገዛ ልጆቻችን ዞረ። በዚያው ሰሞን ከሳዑዲ ዓረቢያ ተባርረው በሺዎች የተመለሱት ወገኖቻችን በየዩኒቨርሲቲው ለይቶ ማቆያ ከርመው ሲወጡ፣ «በሽታ ይዘው መጡ» የሚል ዓይን ጠበቃቸው። ቁጥር ብቻውን ሲወጣ ሰው ላይ የሚያደርሰው ይህን ነው።

መመሪያውም እንዲሁ ነበር። «እጃችሁን ደጋግማችሁ ታጠቡ» አልን፤ ውኃ በፈረቃ ለሚመጣበት ሰፈር። «ቤት ቆዩ» አልን፤ የዕለት ጉርሱን በዕለት ሥራ ለሚያገኝ ሰው። ምክሩ ትክክል ነው፤ እኔም ስናገረው ውዬ አመሻለሁ። እናቶች ግን ዝም ብለው ሰምተውኝ ሲያበቁ፣ «እሺ ሲስተር፣ ታዲያ እኔ ምን ላድርግ?» ይሉኛል።

ለዚህ ጥያቄ መልስ የያዘው ውሳኔ ሕዝቡን እንዳረጋጋው መስክራለሁ። መጋቢት 30 የታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲነሳ ብዙ ሰው የሚያስታውሰው ክልከላውን ነው፤ ከአራት ሰው በላይ አለመሰብሰቡን፣ ታክሲ በግማሽ መጫኑን። እኔ የማስታውሰው አከራይ ተከራዩን እንዳያስወጣ፣ ኪራይም እንዳይጨምር መደንገጉን ነው። ያን ሰሞን በጤና ጣቢያችን የተራ መጠበቂያ ወንበር ላይ የሴቶች ወሬ ተለወጠ። ለሊቱን ሲያስጨንቃቸው ያደረው የቤት ኪራይ ነበርና። እኔን የሚቆጨኝ ይህ ቃል ከመጀመሪያው መግለጫ በኋላ አራት ሳምንት ያህል ቆይቶ መምጣቱ ነው። በመጀመሪያው ቀን ሙሉ አዋጅ ይውጣ አልልም፤ «ስለ ኪራያችሁ እያሰብን ነው፣ በዚህ ቀን እንነግራችኋለን» ማለት ግን ይቻል ነበር።

ስለ ዕድሮችም ልናገር። ድንኳኑ፣ ወንበሩ፣ የአባላቱ ስም ዝርዝር፣ ጥሩምባ ነፊው እነርሱ ጋ ነው። ለቅሶ እንዴት ይደረግ የሚለውን የሚወስኑትም እነርሱ ናቸው። የዕድር ዳኛው «ዘንድሮ እጃችንን ደረታችን ላይ አድርገን ጎንበስ ብለን እናጽናና» ሲል የቀረ ሰው አይቀየምም፣ የመጣም አይታቀፍም። እኔ የማውቀው ሰፈር ይህን አድርጎታል። በእኔ እምነት ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ በየወረዳው ሊጠሩ ይገባ ነበር።

ስለዚህ ከእናንተ የምለምነው ይህን ነው። በጤና ጣቢያ፣ በወፍጮ ቤት፣ በታክሲ ተራ ሰው የሚጠይቀውን በየማታው መዝግባችሁ ወደ ላይ አድርሱ፤ የማግስቱ መግለጫ ከቁጥሩ በፊት ለእነዚያ ጥያቄዎች መልስ ይስጥ። መልሱ ገና ካልታወቀም መቼ እንደሚታወቅ ይናገር። ደግሞም የወረዳችሁ ማስታወቂያ ከመለጠፉ በፊት ለአንድ የዕድር ዳኛና ለአንዲት ጉሊት ነጋዴ አንብቡላቸው። «ታዲያ እኔ ምን ላድርግ?» ካሏችሁ፣ መልሱን ጨምራችሁ እንደገና ጻፉት።

ስላዳመጣችሁኝ ከልብ አመሰግናለሁ።