ልጄ፣ ዓይንህ ደህና ነው፦ ስለ አልማዝ ቀለም የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ሰርግ ሲደርስ የቀለበት ጥያቄ ይበዛል። ዛሬ ከጎንደር ከደወላችሁት ውስጥ አራቱን እመልሳለሁ።

ከማራኪ፦ «ሁለት አልማዝ አሳዩኝ። አንዱ ዲ፣ አንዱ ጄ ነው ተባልኩ። የዋጋው ልዩነት ያስደነግጣል። በዓይኔ ግን አንድ ናቸው። ሊሸውዱኝ ነው?»

ልጄ፣ ዓይንህ ደህና ነው። ሻጩም ላይዋሽህ ይችላል። ፊደሎቹ የቀለም ደረጃ ናቸው፤ ያወጣቸው ጂ.አይ.ኤ. የሚባለው የአሜሪካ የከበሩ ድንጋዮች ተቋም ነው። ከዲ ጀምሮ ዜድ ላይ ያበቃል። ከኤ ያልጀመረው ከዚያ በፊት ነጋዴው ሁሉ በየራሱ ኤ፣ ቢ፣ ሲ እያለ ነገሩን ስላምታታው ነው። ዲ ምንም ቀለም የለውም። ወደ ዜድ በሄድክ ቁጥር ብጫነቱ ይጎላል። ብጫውን የሚያመጣው አብዛኛውን ጊዜ ድንጋዩ ውስጥ ያለ ናይትሮጅን ነው።

አሁን ልብ በል። ደረጃ ሰጪዎቹ ድንጋዩን የሚያዩት ገልብጠው ነው። ፊቱን ነጭ ነገር ላይ ደፍተው፣ ደረጃቸው ከታወቀ ድንጋዮች ጎን አስቀምጠው፣ ከጎኑ ያዩታል። አንተ ያየኸው ፊት ለፊት ነው። ፊት ለፊት ብልጭታው ቀለሙን ይደብቀዋል። እጮኛህ ደግሞ ቀለበቷን ገልብጣ አታደርግም! ጂ ወይም ኤች ውሰድና የተረፈህን ብር ለአቆራረጡ አውለው። ብልጭታው የሚመጣው ከዚያ ነው። ሞላላ ወይም ትልቅ ድንጋይ ከመረጥክ ግን ቀለሙ ቶሎ ስለሚታይ አንድ ፊደል ወደ ዲ ጠጋ በል።

ከአዘዞ አንዲት እናት፦ «ለልጄ ቀለበት 21 ካራት ወርቅ አለኝ። አልማዙ ግን ግማሽ ካራት ነው አሉኝ። እንዲህ የወረደ ነው እንዴ?»

እናቴ፣ አይደንግጡ። የወርቅ ካራት ንጥረቱን ነው የሚናገረው፣ የአልማዝ ግን ክብደቱን። አንድ ካራት 0.2 ግራም ነው። ቀለሙን በተመለከተ፣ ብጫ ወርቅ ላይ ዲ ማስቀመጥ ብር መጣል ነው። ወርቁ ራሱ ብጫውን ያጋባበታል። ጄ ወይም ኬ ይበቃዎታል። ነጭ ወርቅ ቢሆን ሌላ ነገር ነበር። አንድ ነገር ብቻ ልለምንዎ። 21 ካራት ለስላሳ ነው፣ ድንጋዩን ቆንጥጠው የሚይዙት ጥርሶች ይጎብጣሉ። በ18 ያሠሩት። አንዴ የደንበኛዬ ድንጋይ ከጥርሱ ወልቆ፣ ሊጥ ውስጥ ስንፈልግ ውለናል።

ከፒያሳ፦ «ሱቅ ውስጥ እንደ ኮከብ ያበራል። ቤት ስወስደው ግን ደብዝዞ ጠበቀኝ።»

እህቴ፣ የሱቁን መብራት ነው ያየሽው። ከመግዛትሽ በፊት ባለሱቁን አስከትለሽ ወደ በሩ ውጪ። ጠራራ ፀሐይ ላይ ሳይሆን ጥላ ውስጥ ቁሚ። ነጭ ወረቀት እጠፊና ቀለበት ላይ ያልታሰረውን ድንጋይ እጥፋቱ ውስጥ ደፍተሽ ከጎኑ እዪው። ብጫው ካለ ያኔ ይወጣል። ነጠላሽን ግን አታንጥፊለት። ነጭ ይመስለናል እንጂ አብዛኛው ነጠላ ወደ ክሬም ያደላል። ብጫ ሹራብም ለብሰሽ አትሂጂ።

ከአራዳ፦ «ኦፓል የሚባለው የወሎ የከበረ ድንጋይስ በእነዚህ ፊደሎች ይለካል?»

አይለካም። አልማዝ ቀለም በማጣቱ ይወደዳል፣ ከወሎ ደላንታ የሚወጣው ኦፓል ደግሞ ስታገላብጠው በሚያሳየው የቀለም ጨዋታ። ለሱ ወረቀቱን ተወውና በእጅህ አዟዙረህ እየው።