«ቆራጥ አይደለህም ይሉኛል»፦ ስለ ሱስና ስለ ክፉ ልማድ የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ባለፈው የስልክ ፕሮግራማችን ስለ ሱስና ስለ ክፉ ልማድ ብዙ ጥያቄ መጣ። ሰዓቱ ስላልበቃን አንዳንዱን በሩጫ ነው የመለስኩት። በሩጫ የማይታለፍ ጥያቄ ግን ነበረ፤ በተለይ ስለ ባለቤቷ የጠየቀችን እህት ጉዳይ። ስለዚህ ጥያቄዎቹን አሳጥሬ፣ መልሱን ሰፋ አድርጌ ጽፌዋለሁ። የጠያቂዎቹን ማንነት የሚያሳውቅ ነገር አውጥቻለሁ።

ጥያቄ፦ ሲጋራ ለማቆም ደጋግሜ ሞክሬያለሁ። ጠዋት ደህና ነኝ። ቡና ስጠጣና የሥራ ጓደኞቼ ሊያጨሱ ሲወጡ ግን አበቃልኝ። ቤተሰቦቼ «ቆራጥ አይደለህም» ይሉኛል። እውነት የቆራጥነት ችግር ነው?

መልስ፦ አይደለም ወንድሜ። ጠዋቱን ሙሉ ሳያጨስ የሚውል ሰው ቆራጥነት አንሶት አይደለም። የሚያሸንፉህ ሰዓቱና ቦታው ናቸው።

ከሲጋራ ጭስ ጋር የሚገባው ኒኮቲን ከ10 እስከ 20 ሰከንድ ባለው ጊዜ አእምሮ ይደርሳል። እዚያም ዶፓሚን የሚባለው ንጥረ ነገር እንዲለቀቅ ያደርጋል። አእምሮ ያን ደስታ ሲመዘግብ በዙሪያው ያለውንም አብሮ ይመዘግባል፦ ሲኒውን፣ በረንዳውን፣ የላይተሩን ድምፅ፣ አብሮህ የቆመውን ሰው። በቀን 10 ሲጋራ የሚያጨስ ሰው፣ ከእያንዳንዱ 10 ጊዜ ቢስብ፣ በዓመት 36,500 ጊዜ ይህን ትምህርት ይማራል። ስለዚህ ሲኒው ገና ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ሐራራው ይነሳል። አንተ ለማጨስ ወስነህ አይደለም።

የሐራራን ባህሪ ማወቅ ይጠቅምሃል። ሲነሳ የማያልፍ ይመስላል፤ ግን አንዱ ሞገድ ብዙ ጊዜ በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ይበርዳል። ካቆምክ በኋላ የሚከብደው 2ኛውና 3ኛው ቀን ነው። ብስጭቱ፣ እንቅልፍ ማጣቱና ሐሳብ አለመሰብሰቡ በ2 እስከ 4 ሳምንት ውስጥ እየቀለለ ይሄዳል።

አሁን ወደ ቡናው ልምጣ፤ ይህን ብዙ ሰው አያውቀውም። የሲጋራ ጭስ ጉበት ካፌይንን ቶሎ እንዲያስወግድ ያደርጋል። ሲጋራ ስታቆም ያ ፍጥነት ይቀንሳል። ያው የለመድከው ቡና በደምህ ውስጥ ረዘም ላለ ጊዜ ይቆያል። ከዚያ ልብህ ይመታል፣ እጅህ ይርበደበዳል፣ እንቅልፍ እምቢ ይላል። አንተ «ሲጋራ አማረኝ» ትላለህ፤ ከፊሉ ግን የቡናው ሥራ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቡናህን በግማሽ ቀንስ፤ የምትጠጣበትንም ቦታ ቀይር።

የኒኮቲን ማስቲካ ወይም ቆዳ ላይ የሚለጠፈው ፓች ካገኘህ ተጠቀም። የማቆም ዕድልህን ከፍ ያደርገዋል። ማስቲካውን ግን እንደ ተራ ማስቲካ አታላምጠው። ትንሽ ታኝከዋለህ፣ ማቃጠል ሲጀምር ጉንጭህና ድድህ መካከል ታሳርፈዋለህ፣ ስሜቱ ሲጠፋ እንደገና ታኝከዋለህ። ከቡና ጋር አታድርገው፤ አሲዱ ኒኮቲኑን በአፍህ እንዳትመጥ ያደርጋል። «ሞከርኩት፣ አልሠራልኝም» ከሚሉኝ ሰዎች ብዙዎቹ እንደ ከረሜላ እያኘኩ ሲውጡት የኖሩ ናቸው።

አንድ ነገር ደግሞ ዛሬ ጻፍ፦ «ጓደኞቼ ሊያጨሱ ሲነሱ፣ እኔ እዚህ ቦታ ሄጄ ይህን አደርጋለሁ።» ቦታውም ድርጊቱም ይጠቀስ። «እበረታለሁ» ብቻ ካልክ ሰዓቱ ሲደርስ የምትይዘው ነገር የለህም።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ለዓመታት በየቀኑ ይጠጣል። አሁን አሁን ጠዋት ካልቀመሰ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ያልበዋል። ቅዳሜና እሁድ ቤት ዘግቼበት፣ መጠጡን ሁሉ ደፍቼ ላስቆመው አስቤያለሁ። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ እህቴ፣ እባክሽ ይህን አታድርጊ። ሐሳብሽ ከፍቅር የመጣ እንደሆነ ይገባኛል። ግን ሊገድለው ይችላል።

ምክንያቱን ልንገርሽ። አልኮል አእምሮን ያቀዘቅዛል። በየቀኑ ለዓመታት ሲቀዘቅዝ የኖረ አእምሮ፣ ሥራውን ለመሥራት ራሱን በተቃራኒው ማፋጠን ይለምዳል። ነዳጅም ፍሬንም አንድ ላይ ተረግጠው እንደሚሄድ መኪና በይው። መጠጡ በአንድ ቀን ሲቀር ፍሬኑ ብቻ ይለቀቃል። ከመጨረሻው መጠጥ በኋላ ከ6 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ መንቀጥቀጥ፣ ላብ፣ ማቅለሽለሽና ጭንቀት ይጀምራል። በመጀመሪያዎቹ 48 ሰዓታት ራስን የሚያስት፣ የሚጥል በሽታ የሚመስል መንዘፍዘፍ ሊመጣ ይችላል። ከ2 እስከ 4 ቀን ባለው ጊዜ ደግሞ አንዳንዱ ሰው ይቃዣል፣ የሌለ ነገር ያያል፣ የት እንዳለ ይጠፋበታል፣ ትኩሳቱና የልብ ምቱ ይጨምራል። ይህኛው ሕክምና ካላገኘ ሰው ይሞትበታል።

በየቀኑ የሚጠጣ ሁሉ እዚህ ይደርሳል ማለቴ አይደለም። ጠዋት እጁ የሚንቀጠቀጥና ሲቀምስ የሚረጋጋለት ሰው ግን ሰውነቱ መጠጡ ላይ ቆሟል ማለት ነው። ባለቤትሽ እዚያ ደርሷል። ከዚህ በፊት ሲያቆም አንዘፍዝፎት ወይም ቃዥቶ ከነበረ አደጋው ይብሳል።

ስለዚህ መጀመሪያ ሐኪም ይየው። ሐኪሙ እንደ ዲያዜፓም ያለ ማረጋጊያ መድኃኒት ሰጥቶ በጥቂት ቀናት ውስጥ ቀስ በቀስ ይቀንስለታል። ቫይታሚን ቢ1ም ይሰጠዋል፤ ለረጅም ዘመን የጠጣ ሰው ይህ ቫይታሚን ያንሰዋል፣ እጥረቱም የማስታወስ ችሎታን ለዘለቄታው ሊጎዳ ይችላል። ሐኪም እስኪያየው ድረስ በአንዴ እንዲያቆም አታስገድጂው። ካቆመና ከተንዘፈዘፈ፣ ከቃዠ ወይም ግራ ከተጋባ፣ እስኪነጋ አትጠብቂ፤ ወዲያው ወደ ድንገተኛ ክፍል ውሰጂው። ለዓመታት የእንቅልፍ ወይም የማረጋጊያ ኪኒን የሚወስዱ ሰዎችንም በዚሁ አስጠነቅቃለሁ፤ እሱም በአንዴ አይቆምም።

አንዳንድ ቤተሰብ ደግሞ ዳይሰልፊራም የሚባለውን መድኃኒት ምግብ ውስጥ ደብቆ ይሰጣል። ከመጠጥ ጋር ሲገናኝ ሰውን የሚያስመልስ፣ ደም ግፊቱን የሚያወርድ መድኃኒት ነው። ሰውየው ሳያውቅ በፍጹም አይሰጥም። እያወቀና እየፈቀደ ከሆነ ሌሎችም አማራጮች አሉ፤ ናልትሬክሶንና አካምፕሮሴት የመጠጥ ፍላጎትን ይቀንሳሉ። ሐኪሙን ስለ እነሱ ጠይቂ።

«እሺ፣ እንዴት ልውሰደው? አሻፈረኝ ይላል» ብለሽም ነበር። ሲሰክር አታናግሪው። ረጋ ያለበትን ሰዓት ምረጪ። «አንተ ሰካራም» የሚለውን ትተሽ ያየሽውን ንገሪው፦ «ትናንት ጠዋት ብርጭቆ መያዝ አቅቶህ አየሁ፤ ፈራሁ።» ቀጠሮውን አስቀድመሽ ያዢለት፤ «እሺ» ያለ ዕለት ሳይውል ሳያድር እንዲታይ። አሜሪካዊው ሮበርት ሜየርስና የሥራ ባልደረቦቹ የቀረጹት የቤተሰብ ሥልጠና የሚያስተምረውም ይህንኑ ነው፤ ከጭቅጭቅ ይልቅ ብዙ ሰዎችን ወደ ሕክምና አምጥቷል። ባልጠጣበት ምሽት አብረሽው ሁኚ፣ ተጫወቱ። ሲጠጣ ራቂው። ለአለቃው ደውለሽ «አሞታል» አትበዪለት። እጁን የሚያነሳብሽ ከሆነ ግን ከሁሉ በፊት አንቺና ልጆችሽ ደህና የምትሆኑበትን ቦታ እንፈልግ።

ጥያቄ፦ ማንኛውም ልማድ በ21 ቀን ይለወጣል የሚባለው እውነት ነው?

መልስ፦ አይደለም። ቁጥሩ የመጣው ማክስዌል ማልትዝ ከሚባል የፕላስቲክ ቀዶ ጥገና ሐኪም ነው። እ.ኤ.አ. በ1960 ታካሚዎቹ አዲሱን መልካቸውን ለመልመድ ቢያንስ 21 ቀን እንደሚፈጅባቸው ጻፈ። «ቢያንስ» የሚለው በወሬ ወሬ ተቆርጦ ቀረ። የለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተመራማሪዋ ፊሊፓ ላሊና ባልደረቦቿ 96 ሰዎችን ተከታትለው ነበር። አዲስ ልማድ ሳያስቡት የሚያደርጉት እስኪሆን በአማካይ 66 ቀን ፈጅቷል፤ ከሰው ሰው ግን ከ18 እስከ 254 ቀን ይለያያል። አንድ ቀን መዝለል ደግሞ ነገሩን እንደማያበላሸው አይተዋል። በ22ኛው ቀን ስላልለቀቃችሁ ተስፋ አትቁረጡ።

ጥያቄ፦ የስፖርት ውርርድ ውስጥ ገብቼ ደሞዜን በላው። ተበድሬም ተጫውቻለሁ። የተበላሁትን አስመልሼ ላቆም ነው። እንዴት ልቆጣጠረው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ «አስመልሼ ላቆም» የሚለው ሐሳብ ከበሽታው ምልክቶች አንዱ ነው። የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2013 ቁማርን ከአልኮልና ከሌሎች ሱሶች ጋር ሲመድበው፣ የተበሉትን ለማስመለስ ተመልሶ መጫወትን ከምልክቶቹ መካከል አስቀምጧል።

ለምን እንደሚይዝህ ልንገርህ። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ቢ. ኤፍ. ስኪነር ከእንስሳት ጋር በሠራቸው ሙከራዎች፣ ሽልማቱ መቼ እንደሚመጣ በማይታወቅበት ጊዜ እንስሳው መሞከሩን እምብዛም እንደማይተው አሳይቷል። ሁልጊዜ ብትሸነፍ ኖሮ ትተኸው ነበር። አልፎ አልፎ ማሸነፍህ ነው የያዘህ። «በአንድ ጎል አመለጠኝ» የምትለው ደግሞ ሽንፈት ሆኖ ሳለ፣ አእምሮህ እንደ ድል ሊቆጥረው ስለሚቃጣ ያጋግልሃል።

የተበላኸው ገንዘብ ሄዷል። መራራ ነው፣ ግን ከዚህ መነሳት አለብን። ከሚቀጥለው ደሞዝ በፊት የምታምነውን አንድ ሰው ምረጥ። ገንዘቡ በእሱ ወይም በእሷ እጅ ይግባ፣ ለአንተ የዕለት ወጪህ ብቻ ይሰጥህ። አፑን ከስልክህ አጥፋ፤ አካውንትህ እንዲዘጋና እንዳትመለስ እንዲያግዱህ ጠይቅ። ዕዳህን በሙሉ፣ ትንሿንም ሳትቀር፣ በአንድ ወረቀት ጽፈህ ለዚያው ሰው አሳየው። ዕዳ ለመክፈል አዲስ ዕዳ አትግባ።

በአየር ላይ ያልጠየቅኩህን እዚህ ልጠይቅህ። ራስህን ለማጥፋት አስበህ ታውቃለህ? ቁማር ዕዳ ውስጥ የከተተው ሰው ይህ ሐሳብ ይመጣበታል፣ ለማንም ሳይናገር ብቻውን ይሸከመዋል። መጠየቅ ሐሳቡን አያመጣውም። መልስህ «አዎ» ከሆነ፣ ከዕዳው በፊት ዛሬውኑ ለአንድ ሰው ንገር፤ ብቻህን አትደር፤ ሐኪም ጋ ሂድ።

ጥያቄ፦ ትልቅ ሰው ሆኜ ጥፍሬን እበላለሁ። መራራ ቅባት ብቀባም አልተውኩም።

መልስ፦ እ.ኤ.አ. በ1973 አዝሪንና ነን የተባሉ ተመራማሪዎች ያስተዋወቁት ዘዴ አለ፤ ቀላል ነው፣ ይሠራልም። መጀመሪያ ለጥቂት ቀናት መቼ እንደሚጀምርሽ ብቻ ያዢ፤ ስታነቢ ነው? ስትጨነቂ? ከዚያ እጅሽ ወደ አፍሽ ጉዞ ሲጀምር ጭብጥ አድርገሽ አንድ ደቂቃ ያህል ጨብጠሽ ቆዪ። ጭብጥ ያለ እጅ ጥፍሩ አይበላም። መራራው ቅባት አፍ ላይ ከደረሰ በኋላ ነው የሚሠራው፤ ይህኛው ግን እጁ ገና መንገድ ላይ እያለ ይይዘዋል።

ጥያቄ፦ ለጀርባ ሕመም የታዘዘልኝ ትራማዶል ሱስ ሆኖብኝ ማገገሚያ ገብቼ ነበር። ከወጣሁ ወራት አልፈዋል፤ ንጹሕ ነበርኩ። ትናንት ከድሮ ጓደኛዬ ጋር ተገናኝቼ ሁለት ፍሬ ዋጥኩ። ሁሉም ነገር ከዜሮ ሆነብኝ። ከእንግዲህ ምን ቀረኝ?

መልስ፦ ከሁሉ በፊት ሕይወትህ። ሰውነትህ እነዚያ ወራት ውስጥ መድኃኒቱን መቋቋም ረስቷል። ድሮ ትወስደው የነበረውን መጠን ዛሬ ብትወስድ ትንፋሽህን ሊያቆም ይችላል፤ ከመጠጥ ወይም ከእንቅልፍ ኪኒን ጋር ከሆነ ደግሞ ይብሳል። ትራማዶል በብዛት ሲወሰድ መንዘፍዘፍም ያመጣል። ከማገገሚያ ወይም ከእስር የወጡ ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚሞቱት በዚህ ነው፤ «የለመድኩት ነው» ብለው የድሮውን መጠን ይወስዳሉ።

አሁን ወደ «ከዜሮ» ልምጣ። አላን ማርላት የተባለ ተመራማሪ በዚህ ላይ ብዙ ሠርቷል። ሰውን ወደ ድሮው የሚመልሰው የመጀመሪያው መውደቅ ብቻ እንዳልሆነ አየ። ከወደቀ በኋላ ለራሱ የሚነግረው ነገርም ይመልሰዋል፦ «በቃ፣ አበላሸሁት፣ እንግዲህ ምን አለ?» አንተም ይህንኑ አልክ። ሁለት ፍሬ ሁለት ፍሬ ነው። እነዚያን ወራት በሙሉ ያለ መድኃኒት መኖርህን አይፍቅም። ከሱስ ሕክምና በኋላ ከ40 እስከ 60 በመቶ የሚሆነው ሰው ይገረሽበታል፤ ይህም ደም ግፊትና አስም ታክመው ከሚገረሽባቸው ጋር የሚቀራረብ ነው። ግፊቱ የተነሳበትን ሰው «አበቃልህ» አንለውም፤ መድኃኒቱን እናስተካክልለታለን።

ጓደኛህን ማግኘትህ ቀላል ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1971 በቬትናም የነበሩ የአሜሪካ ወታደሮች በሄሮይን መጠመዳቸው ትልቅ ድንጋጤ ፈጥሮ ነበር። ተመራማሪዋ ሊ ሮቢንስ ተከታተለቻቸው። ከአምስቱ አንዱ ገደማ እዚያ ሳለ በሱስ ተይዞ ነበር። አገራቸው ከተመለሱ በኋላ ግን ከእነዚህ መካከል በመጀመሪያው ዓመት ዳግም በሱስ የተያዙት 5 በመቶ ገደማ ብቻ ነበሩ። ሄሮይኑን ከለመዱበት ሰፈር፣ ሰውና ጭንቀት ርቀዋል። አንተ ተቃራኒው ነው የደረሰብህ፤ ታክመህ የተመለስከው እዚያው ሰፈርና እዚያው ጓደኛ ጋ ነው። ስለዚህ የጓደኛህን ቁጥር አጥፋ። ለጊዜው ነው ብለህ ራስህን አታባብል።

ዛሬ ወደ ማገገሚያው ደውለህ የሆነውን ንገራቸው። እንደገና ተመልሰህ ካልተኛህ ላይሉህ ይችላሉ። ቤት የቀረ ኪኒን ካለ ወደ ፋርማሲ መልሰው። ሐኪምህ ቡፕረኖርፊን ወይም ሜታዶን ያስፈልግሃል ካለ አትፈር፤ የሞትን አደጋ በብዙ የሚቀንሱ መድኃኒቶች ናቸው።

ጀርባህ አሁንም ያምምሃል ወይ? ይህን ማንም የጠየቀህ አይመስለኝም። የሚያምህ ከሆነ ስለ ሱሱ ብቻ አውርተህ እንዳትወጣ። ፊዚዮቴራፒና የሱስ አደጋ የሌላቸው ማስታገሻዎች አሉ። ካርድህ ላይ ትራማዶልና ዘመዶቹ እንዳይታዘዙልህ በግልጽ ያስጽፉልህ፤ ሌላ ሐኪም ሳያውቅ እንዳይሰጥህ።