እፍረቴ ሐኪም ሊመርጥልኝ ነበር

እንደምን አመሻችሁ። ስትገቡ አንዳንዶቻችሁ ጥግ ጥጉን ስትይዙ አይቻለሁ። ያኔ እኔም ብሆን እዚያው ነበር የምቀመጠው። ስለዚህ ዙሪያ ጥምጥም ሳልሄድ ልጀምር። እኔ ሁለቱንም ቆለጤን በቀዶ ሕክምና አስወጥቻለሁ። ማንም አላስገደደኝም፤ ሌላ አማራጭ እያለ መርጬ ነው። ሐኪም ስመርጥ ግን ልሳሳት ለጥቂት ነው የተረፍኩት። ካገገምኩ በኋላ ብናገር ይሻላል እያልኩ ደግሞ በማገገሙ ጊዜ ተሳሳትኩ። ሁለቱንም ጊዜ ያሳሳተኝ እፍረት ነው።

ከቃሉ እንነሳ። "ስልብ" ስድብ ሆኖ ነው ጆሯችን ውስጥ ያደገው። "ጃንደረባ" ሲባል የድሮ ቤተ መንግሥት ትዝ ይለናል። ሐኪሞቹ ቆለጥ የማውጣቱን ቀዶ "ኦርኪየክቶሚ" ይላሉ። እኔ ቆለጥ እላለሁ፤ እናንተም ዛሬ አብራችሁኝ በሉ። ስሙን ያልጠራ ሰው ሐኪም ፊት ተቀምጦ "እ... እዚያ ጋ" ሲል ቀጠሮው ያልቃል። በኔ ደርሷል።

እኔ የፕሮስቴት ካንሰር አለብኝ፤ ፕሮስቴት ወንድ ከሽንት ፊኛው ሥር ያለው ዕጢ ነው። ሲታወቅ አጥንት ውስጥ ገብቶ ነበር። ይህ ካንሰር የወንዱን ሆርሞን፣ ቴስቶስትሮንን፣ እየተመገበ ነው የሚያድገው። ቻርለስ ሃጊንስና ክላረንስ ሆጅስ የተባሉ ሐኪሞች ሆርሞኑ ሲቀነስ በሽታው እንደሚያፈገፍግ በ1941 እ.ኤ.አ. አሳዩ። ሃጊንስ በዚህ ሥራው በ1966 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት አግኝቷል። ከቴስቶስትሮኑ 95 በመቶ ያህሉ የሚመረተው ቆለጥ ውስጥ ነው። ቆለጥ ሲወጣ ሆርሞኑ በሰዓታት ውስጥ ይወርዳል። በሽታውን ያስታግሳል እንጂ ነቅሎ አይጥለውም። ይህንን መጀመሪያ ሳልረዳ ቀርቼ በኋላ አልቅሻለሁ፤ እናንተ አስቀድማችሁ እወቁት።

መርፌም አለ። በየወሩ፣ በየሦስት ወሩ ወይም በየስድስት ወሩ የሚወጉት አለ። ያው ሥራ ነው የሚሠራው፤ ልዩነቱ ሲቆም ሆርሞኑ ሊመለስ ይችላል። ብዙ የተለመዱት መርፌዎች በመጀመሪያው ሰሞን ሆርሞኑን ከፍ አድርገው ነው በኋላ የሚያወርዱት፤ ለዚያ ጊዜ መከላከያ ክኒን ይታዘዛል። እኔ ዕድሜ ልኬን መርፌ መቁጠር አልፈለግሁም። ሌላው ሰው ደግሞ አካሉ እንዳለ እንዲቆይ ይፈልጋል። ሁለቱም ልክ ናቸው። ልክ ያልሆነው ሁለቱ መንገዶች ሳይነገሩን አንዱ ላይ መፈረም ነው።

አሁን ወደ መጀመሪያው ሐኪም። የመረጥኩት ለምን እንደሆነ ልናዘዝ፦ ማንም የሚያውቀኝ ሰው እዚያ ስለማይሄድ ነው። ሌላ ምክንያት የለኝም። ችሎታውን አልጠየቅሁም። ገባሁ፤ ስልኩን እያየ "ቀላል ነገር ነው፣ ሐሙስ ይምጡ" አለኝ። ደስ አለኝ! አምስት ደቂቃ አልፈጀም። ቤት ስገባ ባለቤቴ ሦስት ነገር ጠየቀችኝ። "ስንት ሰው ሠርቷል? የምትውጠውን የደም ማቅጠኛ ነግረኸዋል? ሌሊት ደም ቢፈስህ ማንን ነው የምንጠራው?" ለአንዱም መልስ አልነበረኝም። ማቅጠኛውን እሱም አልጠየቀኝ፣ እኔም አልነገርኩት። ሐሙስ አልሄድኩም።

ሁለተኛውን አብረን ሄድን። ዩሮሎጂስት ነው፤ የሽንት መስመርና የወንድ አካል ሐኪም ማለት ነው። ሰውየው ወረቀት ገልብጦ በእስክሪብቶ ሣለልን። ሁለት ትንንሽ ክብ፣ ከእያንዳንዱ ወደ ላይ የሚሄድ ገመድ። ገመዱ ላይ እስክሪብቶውን አሳርፎ "አባቴ፣ ደሙ የሚመጣው በዚህ ነው። እዚህ ጋ ሁለት ጊዜ ነው የማስረው" አለኝ። ከዚያ ምን ምን ሊበላሽ እንደሚችል ሳንጠይቀው ነገረን፦ ደም መቋጠር፣ ኢንፌክሽን፣ የሚቆይ ሕመም። ምን ሊበላሽ እንደሚችል የማይነግራችሁን ሐኪም እኔ አላምነውም። "ምንም አይሆንም" የሚል ሰው ወይ ብዙ አልሠራም፣ ወይ የሠራቸውን ሰዎች ተመልሶ አላያቸውም።

እኛም ጠየቅን። ፈቃዱ የታደሰ ነው? ይህን ቀዶ ሕክምና በዓመት ስንት ጊዜ ይሠራል? ቢላውን የሚይዘው ራሱ ነው ወይስ ሌላ? ማደንዘዣ የሚሰጠው ባለሙያ ከጎን ይኖራል? የወጣው አካል ለምርመራ ወደ ላቦራቶሪ (ፓቶሎጂ) ይላካል? በዚህ መሀል አንድም ጊዜ ፊቱ አልጠቆረም። የቆለጡ ከረጢት ባዶ እንዳይመስል ውስጡን ብቻ አውጥቶ ሽፋኑን መተው እንደሚቻል፣ ለፈለገ ደግሞ ከሲሊኮን የተሠራ ምትክ እንዳለ አስረዳን። መውለድ እፈልግ እንደሆነም ጠየቀኝ። በኔ ዕድሜ ያሳቅ ይሆናል፤ እኔ ግን አከበርኩት። ወጣት የሆናችሁ፣ ከዚህ በኋላ መመለሻ የለም። ልጅ የምታስቡ ከሆነ ቀዶው ከመሠራቱ በፊት የዘር ፈሳሽ ስለማስቀመጥ ጠይቁ።

ከካንሰር ውጪ በሌላ ምክንያት ይህን የሚፈልጉ ሰዎችም አሉ። በማይለቅ የቆለጥ ሕመም የሚሰቃይ አለ። ከራሱ አካል ጋር ያለው ነገር ከብዶት የሚፈልግም አለ። ለምን ብዬ ልፈርድባቸው አልመጣሁም። አንድ ነገር ግን እለምናለሁ፤ እባካችሁ፣ ፈቃድ የሌለው ሰው ቤት አትሂዱ፣ በራሳችሁ እጅም አትሞክሩ። ያ ገመድ ውስጥ የደም ሥር አለ። ሲቆረጥ ሽቅብ ወደ ውስጥ ይሸሻል፤ ሳይታሰር ካመለጠ ተራ ሰው አግኝቶ ሊይዘው አይችልም። ሰው በዚህ ይሞታል። የሚሰማ ሐኪም፣ የሚያማክር የአእምሮ ጤና ባለሙያ ለማግኘት ጊዜ ይፈጅ ይሆናል። ይፍጅ።

የቀዶው ዕለት የሚወራ ብዙ የለውም። በታዘዝኩት መሠረት ጾሜን ሄድኩ። የደም ማቅጠኛውን ልቤን የሚከታተለው ሐኪምና ዩሮሎጂስቱ ተነጋግረው ነው መቼ ላቁም፣ መቼ ልመለስበት የወሰኑት፤ በራሳችሁ እንዳታቆሙ። ወገቤ ላይ ተወጋሁ፣ ከዚያ በታች ደነዘዝኩ። አንድ ሰዓት አልሞላም። ማታውን ቤቴ ነበርኩ።

ማገገሙ ላይ ግን ቆም ልበል፤ የተበላሸብኝ እሱ ነውና።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀናት ልክ እንደተባልኩ አደረግሁ። ተኛሁ። በረዶ በፎጣ ጠቅልዬ ሃያ ደቂቃ ያዝ፣ ለቀቅ አደርግ ነበር። በረዶን ቆዳ ላይ በቀጥታ ማድረግ ያቃጥላል። ከረጢቱን ደግፎ የሚይዝ ጠበቅ ያለ የውስጥ ሱሪ ቀንም ሌሊትም አልተለየኝም። ይህቺ የውስጥ ሱሪ ከማስታገሻው በላይ ነው የረዳችኝ፤ ስትቆሙ ወደ ታች የሚስበው ክብደት ነው ሕመሙን የሚያመጣው። ሁለት ቀን ሲያልፍ ገላዬን በሻወር ታጠብኩ። ገንዳ ውስጥ መዘፍዘፍ እስኪድን ድረስ ክልክል ነው።

በአምስተኛው ቀን ደህና ነኝ አልኩ። የልጅ ልጄ እየሮጠ መጣ፣ እጁን ዘረጋ፣ ብድግ አደረግሁት። ሦስት ዓመቱ ነው። ሳወርደው ውስጤ የሆነ ነገር ሞቅ አለኝ። ማታ መታጠቢያ ቤት ገብቼ ሳይ በቀኝ በኩል የተጨበጠ እጅ አህሏል። ጠቁሯል። ቆዳው ተወጥሮ ያብረቀርቃል።

ምን አደረግሁ መሰላችሁ? በሩን ቆለፍኩ። ባለቤቴ ስታንኳኳ "ደህና ነኝ" አልኳት። የሌሊት ስልክ ቁጥር በእጄ እያለ እስኪነጋ ቁጭ ብዬ አደርኩ። ነርሷ ብታነሳውስ፣ ምን ብዬ ልንገራት? ልጅ አነሣሁ ልበላት? ቆለጤ የነበረበት ቦታ አበጠ ልበላት? ከሕመሙ ይልቅ ይህ ከበደኝ።

ጠዋት ሄድን። ደም ነው የቋጠረው። ቀስ በቀስ ተመጥጦ ስለሚጠፋ መክፈት አላስፈለገም፤ ሳምንታት ግን ወስዷል። እየጨመረ ቢሆን ኖሮ በዚያ ሌሊት ተመልሼ ቀዶ ክፍል መግባት ነበረብኝ። ነርሷ ደግሞ የፈራሁትን ያህል አልሆነችም። "ጋሼ፣ ለዚህ እኮ ነው ስልኩን የሰጠንዎት" አለችኝና ፋሻዬን ቀየረች።

ስለዚህ ሳትውሉ ሳታድሩ የምትደውሉባቸውን ልንገራችሁ። እያደገ የሚሄድ እብጠት። በንጹሕ ጨርቅ ተጭናችሁት የማይቆም ደም። ከ38 ዲግሪ በላይ ትኩሳት። ከስፌቱ የሚወጣ መግል፣ ወይም እየሰፋ የሚሄድ መቅላት። ሽንት እምቢ ማለት። የአንድ እግር ባት ማበጥና ማመም፣ የትንፋሽ ማጠር። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ደም ረግቶ ሊሆን ስለሚችል ስልክ አትጠብቁ፤ በቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ። ከባድ ነገር ማንሣትን ደግሞ ሐኪሙ እስኪፈቅድ ተዉት። ልጅም ከባድ ነገር ነው። ቁጭ በሉና እሱ ወደ ጭናችሁ ይውጣ።

ቁስሉ ከዳነ በኋላ ሆርሞኑ የሌለበት ኑሮ ይጀምራል። ድንገት ከደረት ተነሥቶ ፊት ላይ የሚወጣ ሙቀት፣ ከዚያ ላብ። የወሲብ ፍላጎት ይወርዳል፤ ባለቤቴና እኔ ስለዚህ ተነጋግረናል፣ አሁንም እንነጋገራለን። ጡንቻ ይቀንሳል፣ ሆድ ይጨምራል፣ ስሜት ይጨልማል። አጥንት ይሳሳል፤ ይህኛው ስለማያምም ነው የሚያስፈራኝ። የአጥንት ጥንካሬ ምርመራ እንዲታዘዝላችሁ ጠይቁ። ካልሲየምና ቫይታሚን ዲም አንሡበት። እኔ በሳምንት ሦስት ቀን ክብደት አነሣለሁ፣ በሐኪም ፈቃድ። ድካሙን የቀነሰልኝ እሱ ነው። ጭልም ያለብኝ ሰሞን ደግሞ ለሐኪሜ ነገርኩት፤ ያም ሕክምና አለው።

ያቺ ሐኪሙ የሣለባት ወረቀት አሁንም ኪሴ ውስጥ ናት። ተጣጥፋ ልትቀደድ ነው፤ ገመዱና ሁለቱ ቋጠሮዎች ግን ይታያሉ። ከጀርባዋ የባለቤቴ ጥያቄዎች በእጇ ተጽፈው አሉ። ማየት ወይም መገልበጥ የሚፈልግ ካለ ስጨርስ በሩ ጋ እቆማለሁ። ሰው ፊት መጠየቅ የከበዳችሁ፣ ጥግ የተቀመጣችሁት፣ ሌላው እስኪወጣ ጠብቁኝ። አልቸኩልም።